ውሻን ወደ ጥሬ ስጋ ማዞር፦ ልኩ፣ አጥንቱና የቅርጫው ሳንባ

ግቢ_ጠባቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ውሻው የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው፤ ወንድ፣ 3 ዓመት፣ 30 ኪሎ፣ አዲስ አበባ። እስካሁን የሚበላው ደረቅ የውሻ ምግብ ከቤት ትራፊ ጋር ነው። ወደ ጥሬ ስጋ ላዞረው አስቤያለሁ። በቀን ስንት ግራም? ከየትኛው ብልት? በአንድ ቀን ነው የሚዞረው ወይስ ቀስ እያለ? በዓል ሲመጣ ደግሞ የቅርጫው ሳንባና ጉበት ይተርፋል፤ እሱን በጥሬው መስጠት ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ በቁጥር ንገሩኝ። «ትንሽ ትንሽ ስጠው» የሚለው ምክር አልረዳኝም።

ሚዛን_አይዋሽም
በቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ። በዓይን ግምት የሚሰራ ነገር አይደለም።

ለአዋቂ ውሻ መነሻው በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ክብደት ስል አሁን ያለውን ሳይሆን ሊኖረው የሚገባውን ነው፤ ከወፈረ በቀጭኑ አስላ። 30 ኪሎ በ2.5 በመቶ 750 ግራም ይመጣል፤ ለሁለት ከፍለህ ጠዋትና ማታ ስጠው። የተለመደው ክፍፍል 80 በመቶ ስጋ፣ 10 በመቶ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበት፣ 5 በመቶ ሌላ የውስጥ ብልት ነው፤ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ማለት ነው። ልብ፣ ምላስና ጨጓራ ከስጋው ወገን ይቆጠራሉ። ስለዚህ 600 ስጋ፣ 75 አጥንት፣ 37 ጉበት፣ 37 ኩላሊት።

ሰው የሚሳሳተው አጥንቱ ላይ ነው። 75 ግራም አጥንት ማለት 75 ግራም የዶሮ አንገት ማለት አይደለም። ቆዳው የተገፈፈ አንገት ከክብደቱ አጥንት የሆነው 36 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክንፍ 46፣ ጣቶቹ ያሉበት የታችኛው እግር 60 ገደማ ይደርሳል። 75 ግራም አጥንት እንዲገባለት 210 ግራም አንገት ትመዝናለህ። ከዚያ ውስጥ 135 ግራሙ ስጋ ስለሆነ ከ600ው ላይ ቀንሰው። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የሚሆነው 210 አንገት፣ 465 ቀይ ስጋ፣ 37 ጉበትና 37 ኩላሊት ነው።

2.5 በመቶው መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። 30 ኪሎ የሚመዝን፣ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያለው ውሻ በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። የእኛ አገር የሳር ከብት ስጋ ስቡ ትንሽ ስለሆነ 750 ግራሙ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከመብላቱ በፊት መዝነው። የጎድን አጥንቱን ስትዳስስ ያለ ግፊት መቁጠር መቻል አለብህ፤ ከሩቅ ከታየህ ግን ከስቷል፣ ወደ 3 በመቶ፣ ማለትም 900 ግራም አሳድገው።

የእንስሳት_ሐኪም
ልኩ ጥሩ ተብራርቷል። እኔ ግን የመጨረሻውን ጥያቄ ላስቀድም። የቅርጫ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ አይሰጥም። ንጹህ ቢመስልም አይሰጥም።

ምክንያቱ ኢኪኖኮከስ የሚባለው ትል ነው። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ውስጥ ሲኖር ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባና ጉበት ላይ፣ አልፎ አልፎም ጣፊያ፣ ኩላሊትና ልብ ላይ ይገኛል። ግድግዳው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። በቢላ ሲነካ ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል፤ ውሃው ስር ደግሞ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ዝቃጭ አለ። የዚያ አሸዋ እያንዳንዱ ቅንጣት ውሻው አንጀት ገብቶ አንድ ትል መሆን ይችላል። ትሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሰገራው ላይ አታየውም፤ ውሻውም አይከሳም፣ አያስቀምጠውም። 6 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ግን እንቁላል በሰገራው መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ግቢው አፈር ላይ ይቀራል፣ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ሰው ላይ ያው ከረጢት ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ምንም ሳይሰማ ያድጋል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው።

እኛ ጥሬ ስጋ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ኮሶ ነው። ኮሶ ከቀይ ስጋ ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ ውሻ ውስጥ አያድግም። ለውሻ የሚያሰጋው ሰው «ይሄ ለውሻ ይሁን» ብሎ የሚወረውረው የውስጥ ብልት ነው። ቄራ ላይ የስጋ መርማሪ ሳንባና ጉበቱን እየዳሰሰና እየሰነጠቀ ከረጢት ያለውን ያስወግዳል። ቅርጫ ላይ ይህን የሚሰራ የለም። ከረጢቱም ሁልጊዜ ላይ ላዩን አይደለም፤ ጉበቱ ውስጥ የተቀበረውን ከውጭ አታየውም።

የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። በጉን እያዞረ የሚጥለው በሽታ የውሻ ትል አንጎሉ ውስጥ ሲያድግ የሚመጣ ነው፤ ጥሬ አንጎል የበላ ውሻ ዙሩን መልሶ ያስጀምረዋል።

ግቢ_ጠባቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ይህን አላውቅም ነበር። ከቀቀልኩት ጥቅሙ አይጠፋም? ፍሪዘር ውስጥ ማሳደርስ አይበቃም?

የእንስሳት_ሐኪም
ጉበትና ኩላሊቱን አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ቆራርጠህ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ቀቅለው። ይህ ከረጢቱን ይገድላል። ከጉበት የምትፈልገው ቫይታሚን ኤ፣ መዳብና ብረት በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከቢ ቫይታሚኖች የተወሰነው ወደ መረቁ ስለሚወርድ መረቁን አቀዝቅዘህ ስጋው ላይ አፍስስለት፤ ጨው አይግባበት። ሳንባውን ግን ተወው። ምግብነቱ ትንሽ ነው፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳም እዚያ ይገኛል።

ፍሪዘር ለቀይ ስጋ ይጠቅማል። በ−20 ዲግሪ 7 ቀን የቆየ ስጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማና ኒኦስፖራ የሚባሉት ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ግን ቅዝቃዜ አይገድለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ፤ ስጋው ሲቀልጥ ይነሳል። የውስጥ ብልትን በተመለከተ በቤት ፍሪዘር ላይ እምነት የለኝም። ወፍራም ጉበት መሃሉ ድረስ መቼ እንደቀዘቀዘ አታውቅም፣ መብራትም ይጠፋል። መቀቀል ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በድንገት የሞተ ከብት ስጋ «ለውሻ ነው» ተብሎ በርካሽ ሲቀርብ አትንካው። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ጣፊያው አብጦ የጠቆረና የላላ፣ ደሙም የማይረጋ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ይህን ለማየት ብሎ ግን በድንኑን መክፈት በራሱ አደጋ ነው፤ ስጋውን የቆረጠው ሰው ከውሻው በፊት ይታመማል።

ሽንጥና_ዳቢት
ሉካንዳ ሄደህ «ለውሻ» ካልክ የሚሰጥህ ቅንጥብጣቢ ነው። ስጋውስ መልካም ነው፣ ግን ፌስታሉን ከፍተህ እይ። ሦስት ነገር አብሮ ይመጣል።

አንደኛ ጉሮሮ። ከማንቁርቱ በታች፣ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተለጠፈ ቡናማ ቀይ ዕጢ አለ፤ ታይሮይድ የሚባለው ነው። ይህ በየቀኑ ከተበላ ሆርሞኑ ወደ ውሻው ደም ይገባል። ውሻው እየበላ ይከሳል፣ ያለ ሥራ ያለከልካል፣ ዕረፍት ያጣል። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ ግን መንስኤውን ያልጠረጠረ ሰው ብዙ ይለፋል። ቧንቧው ራሱ ለማኘክ ጥሩ ነው፤ ዕጢውንና ዙሪያውን ያለውን ስጋ ቆርጠህ ጣል።

ሁለተኛ ጮማና የበግ ላት። ስቡ ከአምስት እጅ አንዱን ካለፈ ቀንሰው። ከደረቅ ምግብ የመጣ ውሻ ድንገት ላት ቢበላ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ምልክቱ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ምግብ አለመንካትና የሆድ ሕመም ነው፤ የፊት እግሩን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ዳሌውን ሽቅብ ያነሳል፣ የሚሰግድ ይመስላል። ይህን ካየህ ነገ አትበል።

ሦስተኛ ቅልጥም። የከብት ቅልጥም ክብደት የሚሸከም አጥንት ስለሆነ ከጥርስ ይጠነክራል። የሚሰበረው ላይኛው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ ጎኑ እንደ ቅርፊት ተሰንጥቆ ይወድቃልና ነርቩ ይጋለጣል። በአውራ ጣት ጥፍርህ ተጭነህ ምንም ካልተሰረጎደ አጥንቱ ለውሻህም ይከብዳል። ቅልጥሙን ለራስህ ቀቅለው።

ስለ ዶሮ ደግሞ የአገር ዶሮና የእርባታ ዶሮ አንድ አይደሉም። ሁለት ዓመት እንቁላል የጣለች ዶሮ አጥንቷ ከ45 ቀን የስጋ ዶሮ አጥንት እጅግ ይደርቃል። የእሷን አንገት በመዶሻ ከቀጠቀጥክ በኋላ ስጠው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንገት ሳያኝክ ሊውጥ ስለሚችል፣ የሚቸኩል ከሆነ ጀርባውን ወይም ክንፉን በትልቁ ስጠው፤ ለማኘክ ይገደዳል።

ሚዛን_አይዋሽም
@ሽንጥና_ዳቢት አጥንት ካነሳህ አይቀር፣ ይህ ሁሉ ስለ ጥሬ አጥንት ነው። የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንት ሁለት ጥፋት አለው፤ ስለቱና ቁሌቱ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ብታበስለውም መርዙ አይጠፋም። ጉዳቱ የሚጀምረው ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 ግራም ገደማ ሽንኩርት ነው፤ ለ30 ኪሎ ውሻ 450 ግራም ይሆናል። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ቁላ ብትለው ምን ያህል እንደሚቀር ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ትራፊው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

አሁን ወደ አዟዟሩ። ሆዱ ጤነኛ የሆነ ውሻ በአንድ ቀንም ሊዞር ይችላል፤ ዓመታት ደረቅ ምግብ የለመደውን ግን በ10 ቀን አዙረው። ከቀን 1 እስከ 3 አንድ አራተኛ ስጋ፣ ከ4 እስከ 6 ግማሽ፣ ከ7 እስከ 9 ሦስት አራተኛ፣ በ10ኛው ሙሉ። ደረቁን ምግብ ጠዋት፣ ስጋውን ማታ ብታደርገው ምን እንዳልተስማማው ለመለየት ይቀልሃል። በእነዚህ ቀናት አንድ ዓይነት ስጋ ብቻ፤ በግም ከብትም ዶሮም ደባልቀህ ቢያስቀምጠው የቱ እንደሆነ አታውቅም። የውስጥ ብልት እስከ ሦስተኛው ሳምንት አይግባ። ከዚያ ጉበት በ10 ግራም ጀምረህ በሳምንት ወደ 37 አድርሰው።

ሰገራውን በየቀኑ እይ፤ ሁሉን እሱ ይነግርሃል። ነጭ ሆኖ እንደ ጠመኔ ከተፈረፈረ ወይም ውሻው እያማጠ ከሆነ አጥንቱ በዝቷል፤ አንገቱን በሲሶ ቀንስ። ጠቁሮ ከላላ ጉበት ወይም ጣፊያ በዝቷል። ቢጫ ሆኖ ቅባት ካለው ስቡ ነው። ጥቂት ንፍጥ በመጀመሪያው ሳምንት ቢታይ አያስደነግጥ። ደም ካየህ፣ ወይም ተቅማጡ ከሁለት ቀን ካለፈ አቁመህ ወደ ሐኪም። ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ የሚያስመልስ ከሆነ ደግሞ ሆዱ ባዶ ስለሚያድር ነው፤ የማታውን ምግብ ወደ ምሽት 3 ሰዓት ግፋው።

ቅቅል_ይሻላል
ግቢ_ጠባቂ ወንድሜ፣ ሌላውንም መንገድ ሰምተህ ወስን። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ጥሬ የእንስሳት ተዋጽኦ ለውሻና ለድመት መስጠትን አይመክርም፤ ምክንያቱም ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሳልሞኔላን በሰገራው እየጣለ ቤተሰቡን ሊያሳምም ስለሚችል ነው። ቤትህ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለ እኔ ጥሬውን በጭራሽ አልመርጥም። ውሻው ራሱ ቆሽቱ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ኮርቲዞን የሚወስድ ከሆነም እንዲሁ።

ያንኑ 750 ግራም አጥንት የሌለው ስጋና ብልት ቀቅለህ ብትሰጠው የሚጎድለው ዋናው ነገር ካልሲየም ነው። ስጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም። ስጋ ብቻ የሚበላ ውሻ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሳበ ይኖራል። መድኃኒቱ የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ አጥበህ 10 ደቂቃ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት አድቅቀው። 5 ግራም ዱቄት፣ ማለት የአንድ እንቁላል ቅርፊት ገደማ፣ 1.9 ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ለአንተ ውሻ የአንድ ቀን ልክ ነው። ጣትህ መሃል ስታሸው አሸዋነቱ ከተሰማህ ገና ነው፣ መልሰህ ፍጨው። አጥንት እየሰጡ ግን ቅርፊት አይጨመርም።

80 በ10 በ10 የሚለውም ሙሉ ምግብ አይደለም። ዶሮ ብቻ ከሆነ ዚንኩ ይጎድላል፤ ቀይ ስጋ ከዶሮ በብዙ ይበልጣል። ቫይታሚን ኢ፣ ማንጋኒዝና አዮዲን ደግሞ በሁለቱም ያንሳሉ። በሳምንት ሦስት እንቁላል ጨምር፤ የቀረውን ለውሻ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ከሐኪም ጋር መርጠህ ሙላው።

ሚዛን_አይዋሽም
በዚህ እስማማለሁ። ጥሬው ጥርሱንና ፀጉሩን ያሳምራል የሚለውን ብቻ ይዞ መጀመር ልክ አይደለም። ጥሬ ከሆነም በሥርዓቱ ነው፤ ስጋው ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደር፣ ከቀለጠ በ2 ቀን ውስጥ ይለቅ፣ ሳህኑ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይነሳ። የብረት ሳህን ይሁን፤ ፕላስቲክ ሲጫር ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል። በሳሙና ታጥቦ፣ ቀጥሎ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምረህ ንከረው። ዶሮውን ቧንቧ ስር አትጠብ፤ ፍንጥቅጣቂው የሰላጣውን ሳህን ያገኛል።

ሲያትል_ዳር
ከአሜሪካ ለምታነቡ ስለ ዓሣ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በሰሜን ካሊፎርኒያ ወንዞች የሚያዝ ሳልመንና ትራውት በጥሬው ለውሻ አይሰጥም። ዓሣው ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል ሌላ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይመጣል፤ ውሻው በሳምንት ገደማ ውስጥ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት በዶክሲሳይክሊንና በፕራዚኳንቴል ይድናል። ዓሣ አጥማጅ ያመጣውን ራስና ቆዳ ውሻው እንዳያገኘው፤ ስጡ ካላችሁ አብስሉት።

ታሽጎ የሚሸጠውን የቀዘቀዘ ጥሬ ምግብ የምትገዙ፣ በከፍተኛ ግፊት የታከመ መሆኑን ማሸጊያው ላይ ፈልጉ፤ ባክቴሪያውን በብዙ ይቀንሳል። ቤታችሁ ድመት ካለች የውሻውን ጥሬ ዶሮ እንዳትነካ። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተበከለ ጥሬ ምግብ የበሉ ድመቶች ሞተዋል።

ከፍራንክፈርት
አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የዱር አሳማ ስጋ በጥሬው እንዳትሰጡ። አውየስኪ የሚባለው ቫይረስ ውሻ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ በጥቂት ቀናት ይገድላል።

ሽንጥና_ዳቢት
አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚቀረው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሙስሊም ሉካንዳ ክፍት ቢሆንም ሰፈርህ ላይኖር ይችላል። ቀይ ስጋው ብቻ በቀን 465 ግራም ቢሆን ለ55 ቀን 25 ኪሎ ተኩል ይመጣል። ከቅበላ በፊት ገዝተህ፣ የየቀኑን ለየብቻ በፌስታል አድርገህ ጠፍጣፋ አድርገህ አቀዝቅዘው፤ ድቡልቡል ካደረግከው ለመቀዝቀዝም ለመቅለጥም ይዘገያል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈት። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን ያህል ይይዛል። አንተ በሌለህበት ጠፍቶ መምጣቱን ለማወቅ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዝና በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥበት። ሳንቲሙ ብርጭቆው ታች ወርዶ ካገኘኸው ስጋው ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል፤ ለውሻም አይሆንም።

ሚሚ_እና_ሬክስ
ለ4 ወር ቡችላ ይሄው ልክ ይሰራል? የጀርመን ሸፐርድ ነው።

የእንስሳት_ሐኪም
አይሰራም እህቴ። ከ6 ወር በታች ያለ የትልቅ ዘር ቡችላ ካልሲየም ሲበዛበት በአንጀቱ መቀነስ አይችልም፤ የገባውን ይመጠዋል፣ መገጣጠሚያውና አጥንቱ ይጣመማል። ሲያንስበትም አጥንቱ ይሳሳል። በአንገት ቆጠራ የሚገኝ ትክክለኛነት ለእሱ አይበቃም፤ የእንቁላል ቅርፊቱም ፎስፈረስ ስለሌለው ለአዳጊ ብቻውን አይሆንም። ለትልቅ ዘር ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ላይ አቆይው፤ ዓመት ከሞላው በኋላ ይታሰብበታል።

ግቢ_ጠባቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀይ ስጋውንና አንገቱን በጥሬ፣ ጉበትና ኩላሊቱን ቀቅዬ ልሰጥ ወስኛለሁ። ሳንባው ቀርቷል። ዶክተር፣ እስከ ዛሬ የበዓል ሳንባ በልቷልና የትል መድኃኒቱ ከመጀመሬ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አልቤንዳዞል ቤት አለ።

የእንስሳት_ሐኪም
በፊት፤ በዚህ ሳምንት። አልቤንዳዞሉ ለዚህ ትል አስተማማኝ አይደለም፣ ለከብት የሚወጋው ኢቨርሜክቲን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። የምትፈልገው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ለ30 ኪሎ 150 ሚሊግራም። 50 ሚሊግራም የያዘውን ፍሬ ካገኘህ 3 ፍሬ በአንድ ጊዜ ነው። ቀቅሎ የሚሰጥ ቤት በየ3 ወሩ ይደግመዋል። ውሻው ከግቢ እየወጣ ሉካንዳ በር ላይ የሚለቃቅም ከሆነ ግን በየ6 ሳምንቱ ስጠው፤ ትሉ እንቁላል ከመጣሉ በፊት እንድትደርስበት ነው።

መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከሰጠኸው በኋላ ለ3 ቀን አስረህ አቆየው፤ ሰገራውን በጓንት ሰብስበህ አቃጥለው ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቅበረው። የነበረበትን ሲሚንቶ የፈላ ውሃ አፍስስበት፤ በረኪና ላይ አትመካ። በእነዚያ 3 ቀናት ልጆቹ አያቅፉት። በአራተኛው ቀን በሳሙና እጠበው፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሩብ ስጋ ማታ መዝነህ ስጠው።